ሰፊ ስክሪን፣ ትንሽ ምስል
በጎንደር አራዳ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤቱ ገንዘብ እያስወጣ ነው። አንድ ቤተሰብ እቁብ ይደርሰዋል። ጀርባው ወጣ ያለውን ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ለዘመድ ይሰጥና ባለ 43 ወይም ባለ 55 ኢንች ፍላት ይገዛል። ካርቶኑ ላይ «ፉል ኤችዲ» ወይም «ፎር ኬ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ይመጣል፣ ሪሞቱ ሲጫን ግን ፊቱ የደበዘዘ፣ የኮቱ ጠርዝ የሚርገበገብ ዜና አንባቢ ብቅ ይላል። ያኔ የቤቱ እናት «ኧረ የድሮው ይሻል ነበር» ይላሉ፤ ልጆቹም ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ልጆቹን ትቼ ለእማማ እፈርዳለሁ። ያዩት እውነት ነው።

በቁጥር እንየው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የለመድነው የቴሌቪዥን ምስል ስታንዳርድ የሚባለው ነው። ወርዱ 720፣ ቁመቱ 576 ነጥብ ሲሆን ሲባዛ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ይህም 2,073,600 ነጥብ፣ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ፎር ኬ ደግሞ 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ሃያ እጥፍ። ስለዚህ ጣቢያው አንድ ነጥብ ሲልክ ፉል ኤችዲው ቴሌቪዥን አምስት ቦታ ይሞላል። አንዱ የተላከለት ነው፤ አራቱን ግን በአካባቢው ካሉት ነጥቦች እየገመተ ራሱ ይሠራቸዋል። የትንሽ ምጣድ ሊጥ በትልቅ ምጣድ ላይ ሲዞር እንጀራው እንደሚሳሳው መሆኑ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትንሽ ስለነበረ፣ መስመሮቹም እርስ በርስ ስለሚዋሃዱ ጉድለቱን ይሸፍነው ነበር። አዲሱ አይሸፍንም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ቴሌቪዥን የደረሰውን ያሳያል እንጂ ያልደረሰውን አይፈጥርም። ምስሉ ከስቱዲዮ ተነሥቶ ዓይናችሁ ላይ እስኪያርፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ ቦታ ላይ ከጠበበ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕቃ ምንም ውድ ቢሆን አያሰፋውም። በእኛ ከተማ ደግሞ መንገዱ የሚጠበው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ባለው ዲሽ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በተሰካች አጭር ገመድ ነው። ወደ እሷ እንመጣለን።

አስቀድመን ግን እዚህ እንዴት እንደደረስን እንይ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በጥቁርና ነጭ። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ ነበር። ያኔ የተያዘው ሥርዓት ባለ 576 መስመሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣቢያ ቢበዛም፣ ምስሉ በሳተላይት ቢመጣም መለኪያው ለረጅም ጊዜ ያው ነበር። ብዙዎቻችን ዲሽ ያስተከልነው ናይልሳት ለተባለው ሳተላይት ነው። በ2013 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከሚባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኢትዮሳት የተባለውን የሳተላይት ቴሌቪዥን መድረክ ሥራ ላይ አዋለ፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ወደዚያ ተዛወሩ። ያን ጊዜ የጎንደር ጣሪያዎች ፊታቸውን አዞሩ ቢባል ማጋነን አይደለም። ከአራዳ ሆኖ ለሚያይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው። ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለቆመ ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ለደጋው ሰው በረከት ነው። በደባርቅና በዳባት አካባቢ በተራራ ጥግ ያለ ቤት ወደ ምዕራብ ሲያይ ገደል ወይም ባሕር ዛፍ ሊጋርደው ይችላል፤ 63 ዲግሪ ላይ ያለውን ሰማይ ግን የሚጋርድ ተራራ ብዙ አይገኝም።

ወደ ኢትዮሳት መዛወሩ ሌላም ነገር ይዞ መጥቷል፤ ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ በኤችዲ መላክ ጀመሩ። ይህን ግን ብዙ ቤት ልብ አላለውም። የሰፈሩ ባለሙያ መጥቶ ዲሹን አዞረ፣ ጣቢያዎቹን ሰርች አደረገ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የሪሲቨሩ ጀርባ እንደነበረ ቀረ።

አሁን ወደ ሕመሙ እንግባ። ሰዎች «ቴሌቪዥናችን ጥራት የለውም» ሲሉ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ያወራሉ። አንደኛው መቆራረጥ ነው፤ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ይቆማል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ከዚያ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሁለተኛው መደብዘዝ ነው፤ ምስሉ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ግን ፊት አይለይም፣ ጽሑፍ አይነበብም። መቆራረጥ የዲሽ ጉዳይ ነው። መደብዘዝ አይደለም። በድሮው አናሎግ ጊዜ አንቴና ሲዞር ምስሉ ቀስ በቀስ ይጠራ ስለነበረ ያ ልማድ በአእምሯችን ቀርቷል። ዲጂታል እንደዚያ አይሠራም። ሲግናሉ ከሚፈለገው በላይ ከሆነ የተላከው ምስል ሙሉ በሙሉ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ቢጨምር የሚጠራ ነገር የለም። ከሚፈለገው በታች ከወረደ ደግሞ ይፈርሳል። ስለዚህ ለደበዘዘ ምስል ዲሽ የሚያስተካክል ሰው መጥራት ለጥርስ ሕመም ጫማ እንደማስጠገን ነው። (ሳቅ) ስቃችኋል፤ ግን ከመካከላችሁ ለዚሁ የከፈላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ደግሞ እነሆ። ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሁለት መስመሮች ያሳያል፤ አንዱ ስትሬንዝ፣ ሌላው ኳሊቲ ነው። የመጀመሪያው ብዙ አያታልላችሁ፤ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየ እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። መታመን ያለበት ኳሊቲው ነው። የእኛ ክረምት ቀላል አይደለም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው፤ እዚህ ሲደርስ የደከመውን ሞገድ የሐምሌ ዶፍ ይውጠዋል። በበጋ ኳሊቲው ለጥቂት የሚያልፍ ዲሽ በክረምት ይወድቃል፤ ስለዚህ ዲሽ የሚስተካከለው በጠራ ቀን «ሠርቷል» እስኪባል ሳይሆን ኳሊቲው የመጨረሻ ከፍታው ላይ እስኪደርስ ነው። ኤልኤንቢው ላይ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ባለው ተቀባይ ላይ፣ የሚጠመደው የገመድ ጫፍ ውኃ ካስገባ መዳቡ ይዝጋል፤ በላስቲክና በፕላስተር መጠቅለል፣ ገመዱንም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ አድርጎ ጠብታው እንዲወርድ ማድረግ ይበቃል። ስለ ዲሽ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወደ ገመዷ። ሪሲቨራችሁን አዙራችሁ እዩ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላት ባለ ሦስት ገመድ ተሰክታ ካገኛችሁ ችግሩን በእጃችሁ ይዛችኋል። ቀይና ነጩ ድምፅ ናቸው፤ ምስሉ ሁሉ የሚመጣው በቢጫዋ ነው። ቢጫዋ የተሠራችው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው፤ ከ576 መስመር በላይ አትሸከምም። ሪሲቨሩ ኤችዲ ጣቢያ ቢቀበል እንኳ በዚህች ገመድ ሊያሳልፈው ሲል ወደ ስታንዳርድ ያወርደዋል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሊያሰፋው ይደክማል። ኤችዲ ጣቢያ፣ ኤችዲ ሪሲቨር፣ ፎር ኬ ቴሌቪዥን፤ በመካከላቸው ግን ቢጫ ገመድ። ይህን ያየሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

የቢጫዋ ገመድ ጥፋት በዚህ አያበቃም። ብርሃኑንና ቀለሙን አንድ ላይ ደባልቃ ትልካለች፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያቸው ደግሞ ይሳሳታል። ስሕተቱን ለማየት በበዓል ቀን የሚተላለፍ ፕሮግራም ክፈቱና የሴቶቹን ቀሚስ ጥበብ አስተውሉ። ጥልፉ ቀጫጭን መስመር ስለሆነ ቴሌቪዥኑ መስመሩን ቀለም ነው ብሎ ያስበዋል፤ ሸማኔው ያላስገባው ሐምራዊና አረንጓዴ በጥበቡ ላይ ሲንቀለቀል ታያላችሁ። ደማቅ ቀለሞች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይም ነጠብጣቦች እንደ ሰልፈኛ ሲሄዱ ይታያሉ። ኤችዲኤምአይ በሚባለው ዲጂታል ገመድ ስትቀይሩት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ጣቢያው ስታንዳርድ ቢሆን እንኳ ይጠፋል። ለዚህ ነው ከሁሉ አስቀድሜ ኤችዲኤምአይ የምለው። ስትገዙ «ወርቅ የተቀባ ነው» እያለ ዋጋ የሚቆልልባችሁን ነጋዴ አመስግናችሁ እለፉት። ለአንድና ሁለት ሜትር ርቀት ርካሹም ያንኑ ምስል ያደርሳል፤ ገመዱ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም።

ገመዱን ከቀየራችሁ በኋላም ሪሲቨሩ ራሱ በትንሹ እንዲልክ ታዝዞ ሊሆን ይችላል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የምስል ወይም የቪዲዮ አወጣጥ የሚለውን ፈልጉ። 576 ላይ ከቆመ ወደ 1080 አድርጉት። እዚህ ላይ አንድ ሙከራ እመክራለሁ። ስታንዳርዱን ምስል የሚያሰፋው ወይ ሪሲቨሩ ነው ወይ ቴሌቪዥኑ፤ ሁለቱም እኩል ጎበዝ አይደሉም። ጥሩ ቴሌቪዥን ከርካሽ ሪሲቨር የተሻለ ያሰፋል፤ የአንዳንዱ ርካሽ ቴሌቪዥን ግን ከሪሲቨሩ ይብሳል። ዜና ሲነበብ ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ እያያችሁ አንዴ በ1080፣ ሪሲቨሩ ሲያሰፋው፣ አንዴ በ576፣ ቴሌቪዥኑ ሲያሰፋው፣ ሞክሩ። የእኛ ፊደል ጥሩ መመርመሪያ ነው። የ«ቡ» ቅጥያ ከወገቡ፣ የ«ቢ» ቅጥያ ከእግሩ ነው፤ በደካማ ምስል ሁለቱ አይለዩም። የሚለዩበትን ያዙ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ማስተካከያ ሌላው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ብዙው ሰው በተቃራኒው ይሄዳል። ምስሉ ሲደበዝዝበት ሻርፕነስ የሚለውን ወደ ላይ ይቆልለዋል። ሻርፕነስ ዝርዝር አይጨምርም። በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል እንጂ። በደካማ ምስል ላይ ሲጨመር የምስሉን ሕመም ያጎላል፤ የዜና አንባቢው ጆሮ ዙሪያ አክሊል ይታያል። ወደ ታች አውርዱት፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚያምረው። ዳይናሚክ ወይም ቪቪድ የሚባለውን አማራጭም ተዉት፤ ያ በሱቅ መብራት ውስጥ ዓይን ለመሳብ የተሠራ ነው። ስታንዳርድ ወይም ሲኒማ የሚለውን ምረጡና ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን በመጠኑ ክፈቱ። መጀመሪያ ሲታይ የደበዘዘ ይመስላችኋል፤ ጥቂት ቀን ታገሡት።

ሌላው ወርድና ቁመት ነው። የድሮ ድራማዎችና የማኅደር ፊልሞች የተቀረጹት ለአራት በሦስት ስክሪን ነው፤ የዛሬው ስክሪን አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። እንዲሞላ ተብሎ ሲለጠጥ ቀጭኑ ተዋናይ ሁሉ ወፍራም፣ የመኪና ጎማው ሞላላ ይሆናል። ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ምን ይጎዳል? አራት በሦስት በሉትና ሰውየውን በልኩ እዩት።

እስካሁን የተናገርኩት በእጃችሁ ያለውን ነው። የማይስተካከል ነገርም አለ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብሄድ ዋሽቼ እንደመሄድ ነው። አንድ ስታንዳርድ ምስል ከስቱዲዮ ሲወጣ፣ ሳይጨመቅ በፊት፣ በሰከንድ 270 ሚሊዮን ቢት ነው። በሳተላይት ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ከሞላ ጎደል መቶኛው ነው የሚደርሰን። መጨመቂያው ብልጥ ነው፤ ከአንዱ ቅጽበት ወደ ሌላው ያልተለወጠውን መልሶ አይልክም። ዜና አንባቢ ከኋላው ግድግዳ ብቻ ስላለ በጥቂት ቢት ይጠራል። ጥምቀትን አስቡ። ጥር 11 ጠዋት በፋሲለደስ መዋኛ ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሕዝቡ ሲረጭ፣ ሺህ ጠብታ በአየር ላይ፣ የካህናቱ ጥላና ላንቃው፣ ዘሎ የሚገባው ወጣት፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፤ በስክሪኑ ላይ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ነጥብ የለም። መጨመቂያው የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ውኃው ወደ ግራጫ ካሬ ይለወጣል። ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል በገዛ ከተማው ሳሎን ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይታያል። ይህን ምንም ገመድ አያድነውም። ጣቢያ በሳተላይት የሚከፍለው በሚይዘው ቦታ ልክ ስለሆነ ስስቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ለጥምቀት ቀን የተወሰነ ቢት መጨመር የሚቻል ነገር ነው፣ ከጣቢያዎቹም ልንጠይቀው ይገባል።

ኳስም ሁሉ ነገሩ ስለሚንቀሳቀስ እንደዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ሊጉ በዲኤስቲቪ ሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመረበት ዓመት ነበር፤ ጨዋታዎቹም በተመረጡ ከተሞች ስለተካሄዱ የጎንደር ደጋፊ ዐፄዎቹ የሚላቸውን ተጫዋቾቹን ያያቸው በብዛት በስክሪን ነው። ጉድለቱን ግን ርቀት ሊሸፍነው ይችላል። ኳስ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት የሚሄዱ ወጣቶች ስለዚህ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ከኋላ ወንበር ኳሱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከፊት ወንበር ሣሩ እንደ ምንጣፍ ይለሰልሳል። ምክንያቱ የዓይን ልክ ነው። ባለ 43 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ576 ሲካፈል አንዱ መስመር አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጤነኛ ዓይን ይህን ከ3 ሜትር ገደማ በላይ ሆኖ ለይቶ አያየውም፤ ስለዚህ ከዚያ ርቆ የተቀመጠ ሰው የስታንዳርዱን ጉድለት አያገኘውም። ለባለ 55 ኢንች ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ይሆናል። የሳሎናችሁን ስፋት ታውቃላችሁ። ሶፋው ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ተኩል ላይ ከሆነና የምታዩት በአብዛኛው ስታንዳርድ ጣቢያ ከሆነ ባለ 55 መግዛት ጉድለትን በትልቁ መግዛት ነው። ባለ 32 በዚያ ቤት የተሻለ ያምራል፤ ነጋዴው ግን ይህን አይነግራችሁም።

ስለ ነጋዴ ካነሣን፣ ሱቅ ውስጥ በአዲሱ ስክሪን ላይ የሚዋኘው ባለ ቀለም ዓሣና የሚፈነዳው አበባ በፍላሽ የተጫነ፣ ለማሳያ ተብሎ የተቀረጸ ፎር ኬ ቪዲዮ ነው። ቤታችሁ ያ ዓሣ አይመጣም። ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት «በሪሲቨር ዜና ክፈትልኝ» በሉት። ካለ ይከፍትላችኋል። ከሌለው ወይም ካንገራገረ ሌላ ሱቅ አለ፤ አራዳ ሱቅ አይቸግራትም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የሪሲቨሩን ጀርባ እዩ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ገመዱን ግዙ። ከሌለው ሪሲቨሩን ቀይሩ። ቴሌቪዥኑን አትቀይሩ።